ቫልቩ አልዞር፣ አልዘጋ ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቦል ቫልቭ ናቸው፤ እጀታው ሩብ ዙር ሲዞር የሚከፍተውና የሚዘጋው ማለቴ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ ሮቶውን ሌሊቱን ሊያራቁተው ይችላል። ስለዚህ በደንብ እንየው።

ጥያቄ፦ «ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ቫልቭ አልዞር አለኝ። ጎረቤቴ እጀታው ላይ የብረት ቱቦ ሰክተን እንጫነው ይላል። አቦ፣ መላ በሉኝ!» (ከሳቢያን)

መልስ፦ ቱቦውን ይተዉት። ውስጥ ያለችውን ቀዳዳ ኳስ የሚያዞራት ቀጭን ዘንግ ነው። በኃይል ከተጫኑት ዘንጉ ይሰበርና ቫልቩ ባለበት ይቀራል፤ ክፍት ከሆነ ክፍት፣ ዝግ ከሆነ ዝግ።

ብዙውን ጊዜ ኳሷን የሚይዛት ኖራ ነው። የድሬ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ቫልቭ ውስጥም ይጋገራል። የሐረር አንባቢዎችም ይህ ይመለከታችኋል፤ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ወደ እናንተ ይደርሳል።

ውሃ የጠፋበትን ሰዓት ይጠብቁ። እጀታውን ይፍቱና ከሥሩ፣ ዘንጉ ላይ ያለውን ዳዶ በጣም ትንሽ ያላሉት። እጀታውን መልሰው በእጅ ብቻ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙ። በትንሹም ቢሆን ከተንቀሳቀሰ ተስፋ አለው፤ ሲለቅ ዳዶውን መልሰው ያጥብቁ። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ይቀየር። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ወሩ አንዴ ከፈት ዘጋ ያድርጉት፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ቫልቭ ነው የሚጣበቀው። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ግን አይንኩ፤ እሱ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነው።

ጥያቄ፦ «እጀታው ሥር ያንጠባጥባል።» (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ ይሄ ቀላል ነው። ያንኑ የዘንግ ዳዶ በመፍቻ ትንሽ፣ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ያጥብቁ። ካላቆመ ትንሽ ይድገሙ። ከመጠን በላይ ካጠበቁት እጀታው ይከብዳል።

ጥያቄ፦ «ዘግቼውም በቀጭኑ ይፈሳል። ይጠገናል?» (ከጀጎል)

መልስ፦ መጀመሪያ እጀታውን ይዩ። ሲዘጋ እጀታው በቧንቧው ላይ በመስቀል ቅርጽ በትክክል መጋደም አለበት። ሳይደርስ ከቆመ ማቆሚያው ላይ ቆሻሻ አለ፣ ወይም ኖራው ይዞታል። እጀታው ትክክል ከሆነ ግን አሸዋ ሊሆን ይችላል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ አሸዋና ዝገት ይዞ ይመጣል፤ ያ በኳሷና በነጩ የቴፍሎን ቀለበት መካከል ይሰነቀራል። ከቫልቩ በኋላ ያለውን ቧንቧ ከፍተው ቫልቩን ደጋግመው ይክፈቱ፣ ይዝጉ፤ ውሃው ይጠርገው። አሁንም ከፈሰሰ ቀለበቱ ተጭሯል። የቤት ቫልቭ ተፈትቶ ቀለበቱ እንዲቀየር ተደርጎ አይሠራም፤ ስለዚህ አዲስ ይግዙ። ሲገዙ ማግኔት ይያዙ። ማግኔቱ ኳሷን ከሳባት ከላይ የተለበጠች ብረት ናት፣ ትዝጋለች። ናስ ማግኔት አይስበውም።

ጥያቄ፦ «ግፊቱ ስለሚበዛ ግማሽ ከፍቼ እተወዋለሁ። ይጎዳል?» (ከከዚራ)

መልስ፦ ይጎዳል። በጠባቡ ክፍተት የሚሮጠው ውሃ አሸዋ ይዞ ቀለበቱን ይፍቀዋል። ከዚያ ዘግተውም አይዘጋም። ቦል ቫልቭ ሙሉ መከፈት ወይም ሙሉ መዘጋት አለበት። ውሃ ለመመጠን ግሎብ ቫልቭ፣ ማለትም እጀታው ብዙ ዙር እየዞረ ቀስ በቀስ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን፣ ያስገጥሙ።

ጥያቄ፦ «ስዘጋው ቧንቧው ጓ ይላል።» (ከሳቢያን)

መልስ፦ የሚሮጥ ውሃ ድንገት ሲቆም ቧንቧውን ይመታዋል፤ መገጣጠሚያም ያላላል። ቀስ ብለው ይዝጉት።