ያለን ፓርቲሽን ለቨርቹዋል ማሽን ስለ መስጠት፦ ጥያቄና መልስ

ሊኑክስ ላይ በኬቪኤምና በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ በሚያስኬዱ ፕሮግራሞች) ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። የዲስክ ፋይል ከመፍጠር ይልቅ ያላችሁን ፓርቲሽን (ተለይቶ የተከፈለ የዲስክ ክፍል) በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽን ለመስጠት የምታስቡ ሁሉ ጠይቁ፤ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ 100 ጊጋባይት ባዶ ፓርቲሽን አለኝ። እሱን ብሰጠው ማሽኑ ይፈጥናል?

መልስ፦ ይፈጥናል፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ያህል ግን አይደለም። በፋይል ሲሆን የሚጻፈው ሁሉ የእንግዳውንም (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለውን ሲስተም) የአስተናጋጁንም (የዋናውን ሲስተም) ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ሥርዓት፣ ያልፋል፤ በፓርቲሽን ሲሆን የአስተናጋጁ ይቀራል። ልዩነቱ የሚጎላው እየተጻፈበት ከሚያድግ ፋይል ጋር ሲነጻጸር ነው። ቦታው አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ከተያዘለት ጥሬ ፋይል ጋር ከሆነ ግን ትንሽ ነው። ዓላማዎ ፍጥነት ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ጥሬ ፋይሉን ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ያንኑ ፓርቲሽን ከዋናው ሲስተም ብከፍተውስ?

መልስ፦ እባክዎን፣ በፍጹም! የሊኑክሱ ፋይል ሲስተም ኢኤክስቲ4ም ሆነ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ የተሠሩት ባለቤታቸው አንድ ብቻ ነው በሚል እምነት ነው። ሁለቱም ሲስተሞች የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚያውቁትን በየራሳቸው ማህደረ ትውስታ ይይዛሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያውቅ ይደመስሰዋል። ጉዳቱም ወዲያው ስለማይታይ፣ ሲታወቅ መጠባበቂያ ቅጂው ራሱ ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። «ለማንበብ ብቻ» ብሎ መክፈትም አያድንም፤ ኢኤክስቲ4 እንደዚያ ሲከፈትም ጆርናሉ (ያልተጠናቀቁ ለውጦች መዝገቡ) ውስጥ የቀረውን ወደ ዲስኩ ሊጽፍ ይችላል። ፋይል መጋራት ከፈለጉ በሳምባ ወይም በኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ፋይል ማጋሪያዎች) በኩል ያድርጉ። ፓርቲሽኑንም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በራሱ ከሚከፈቱት ዝርዝር ያውጡት።

ጥያቄ፦ ከሊኑክስ ጎን የተጫነውን ዊንዶውስ በቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። የዊንዶውስን ፓርቲሽን ብቻውን ቢሰጡት ማሽኑ እንደ ሙሉ ዲስክ ያየዋል፤ የፓርቲሽን ሰንጠረዡን (የዲስኩን ክፍሎች ዝርዝር) እና በሌላ ፓርቲሽን ያለውን የማስነሻ ፋይል ግን አያገኝም። ቨርቹዋልቦክስ ይህን የሚፈታው የዲስኩን ሰንጠረዥ ቅጂ ይዞ የተፈቀዱትን ፓርቲሽኖች ብቻ ለማሽኑ በሚያገናኝ ትንሽ የቪኤምዲኬ (የቨርቹዋል ዲስክ) ፋይል ነው። የማስነሻውን ፓርቲሽንም ከተፈቀዱት ውስጥ ያስገቡ።

ከዚያ በፊት የዊንዶውስን ፈጣን ማስነሻ ያጥፉ፤ ሲበራ ሲስተሙ በከፊል ስለሚተኛ ኤንቲኤፍኤሱ በትክክል አይዘጋም። ዲስኩን በመጀመሪያ በሳታ (በተለመደው የዲስክ ማገናኛ) ያገናኙት። ሾፌሩ ሳይጫን ወደ ቨርትአይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን ወደተሠራው ማገናኛ) ከዘለሉ የማስነሻ ዲስኩ አልተገኘም የሚል ሰማያዊ ስክሪን ይጠብቅዎታል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ) ካለም የመልሶ ማግኛ ቁልፉን አስቀድመው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ማሽኑን ሳስነሳ ፈቃድ የለህም ይለኛል። ዲስክ የሚባለው ቡድን ውስጥ ልግባ?

መልስ፦ ይሠራል፤ እኔ ግን አልመክርም። የዚያ ቡድን አባል በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዲስክ ሁሉ ማንበብና መጻፍ ይችላል። በዩዴቭ (በሊኑክስ የመሣሪያዎች አስተዳዳሪ) ደንብ ለዚያ ፓርቲሽን ብቻ ፈቃድ መስጠት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ትናንት ሊኑክስ ላይ ስሙ ኤስዲኤ የነበረው ዲስክ ዛሬ ኤስዲቢ ሆኗል። ያስፈራል?

መልስ፦ በጣም። ማሽኑ ሌላ ፓርቲሽን ላይ ሊጽፍ ይችላል። በማይለወጠው የፓርቲሽን መለያ ቁጥር ይጥሩት።

ጥያቄ፦ ስናፕሾት (በኋላ የሚመለሱበት የዲስኩ ሁኔታ ቅጂ) መውሰድ ይቻላል?

መልስ፦ በጥሬ ፓርቲሽን ላይ ፎርማቱ ራሱ ስናፕሾት የለውም። ለዚህ ነው ከባዶ ለሚጀምር ሰው ሁልጊዜ ኤልቪኤም (የሊኑክስ የዲስክ ቦታ አስተዳዳሪ) የምለው፤ ፍጥነቱ ከፓርቲሽን ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ስናፕሾትም ቦታ ማስፋትም ይፈቅዳል።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ከተዘጋ በኋላ ፓርቲሽኑን ከሊኑክስ ልከፍት ስል ፋይል ሲስተም አይታየኝም።

መልስ፦ አልጠፋም። የእንግዳው መጫኛ ፓርቲሽኑን እንደ ሙሉ ዲስክ ቆጥሮ በውስጡ የራሱን ሰንጠረዥ ሠርቷል። ሎሴትአፕ ወይም ኬፓርትኤክስ የሚባል የሊኑክስ ትእዛዝ የውስጦቹን ፓርቲሽኖች ለይቶ ያወጣልዎታል። ማሽኑ ግን በእርግጥ የጠፋ መሆን አለበት። ሁኔታው ተቀምጦ የቆመ ከሆነ የእንግዳው ማህደረ ትውስታ የቀድሞውን ዲስክ እንደያዘ ነው፤ እርስዎ አንድ ፋይል ለውጠው ማሽኑን ካስቀጠሉት የሁለት ባለቤቶች ችግር ያኔም ይደርሳል።