ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ የትኛው ፓምፕ ያድናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ እኔ ከጀሞ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋ ሳይክል እንነዳለን፣ አብዛኛውን ጊዜ በእንጦጦ አድርገን ሱሉልታ፣ ጉልበት ካለን ደሞ ጫንጮ ድረስ። የኔ ኮርሳ ነው ጎማው ቀጭን፣ 25 ሚሊ፣ አንዱ ጓደኛዬ ግን ወፍራም ጎማ ያለውን ማውንቴን ነው የሚነዳው። እስካሁን ፓምፕ የሚይዝልን አንድ ልጅ ነበር፣ እሱ አሁን ክፍለ ሀገር ሊገባ ነው። ሱቅ ስሄድ አንዱ ላይ 120 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይላል አንዱ ላይ 160፣ ሻጩ ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ውሰድ አለኝ። እውነቱን ነው? ለሁለታችን የሚሆን አንድ ፓምፕስ አለ? ወይስ ቻርጅ የሚደረገውን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን የሚያስበው ጎማው ከተነፈሰ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የካርቶኑን ቁጥር እርሳው። እሱ የሚነግርህ ፓምፑ ስንት እንደሚችል ነው፣ ያንተ ክንድ ስንት እንደሚችል አይነግርህም። ፓምፕ ማለት ቱቦ ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን ነው፣ ቱቦው በወፈረ ቁጥር አንዴ ስትገፋ ብዙ አየር ይገባል ግን ጎማው እየሞላ ሲሄድ ለመግፋት የሚፈልገው ጉልበትም አብሮ ይጨምራል። ውስጡ 20 ሚሊ የሆነ ቀጭን ፓምፕ ይዘህ 6 ባር ላይ ስትደርስ (87 ፒኤስአይ መሆኑ ነው) እያንዳንዷ ግፊት ወደ 19 ኪሎ ክብደት መጫን ማለት ነው። 25 ሚሊ ከሆነ ደሞ ወደ 30 ኪሎ ይወጣል። ቤት ውስጥ ቆመህ በሁለት እጅህ 30 ኪሎ ምንም አይደለም፣ አስፋልት ዳር ቁጢጥ ብለህ፣ እጅህ በላብ እያዳለጠ፣ 40 ኪሎሜትር ከነዳህ በኋላ ግን አትችለውም። ስለዚ ላንተ ኮርሳ ቀጠን ያለው ነው የሚሆነው።

የጓደኛህ ደሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የሱ ጎማ 2 ባር ከሞላ ይበቃዋል፣ ብዙ ጊዜ ከዛም በታች፣ ግን ውስጡ የሚይዘው አየር ካንተ ጎማ አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ባንተ ቀጭን ፓምፕ እሱን እሞላለሁ ካልክ 300 ጊዜ ገደማ ትገፋለህ፣ ቱቦው 30 ሚሊ ገደማ በሆነ ወፍራም ፓምፕ ግን ከዛ ግማሽ ባነሰ ያልቃል፣ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነም ክንድ አይጎዳም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ የፈረንጅ ቪዲዮ አይቶ የገዛ ሰው ሁሉ የሚገረምበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ምናምን ላይ ነው ያለችው፣ እንጦጦ ደሞ 3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ፓምፑ አንዴ ሲሳብ የሚሞላው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ላይ 100 ጊዜ ገፍተህ የምትሞላውን ጎማ እዚህ 130 ጊዜ ገደማ ትገፋለታለህ። ፓምፑ ተበላሽቶ ወይ አንተ ደክመህ አይደለም፣ አገሩ ነው። ስለዚ "በ80 ግፊት ይሞላል" የሚል ነገር ካየህ ለኛ 100 አለፍ ያለ ብለህ ቁጠረው።

አንድ ፓምፕ ለሁለታችሁ አለ ወይ ላልከው፣ አለ ግን ስምምነት ነው። እኔ ብሆን የምይዘው ሚኒ ፍሎር የሚባለውን ነው፦ ርዝመቱ ከክንድ የማይበልጥ፣ ታች በኩል የምትዘረጋ ትንሽ የእግር መርገጫ ያላት፣ ጎን ላይ የላስቲክ ቱቦ ያለው። መሬት ላይ አቁመህ፣ መርገጫዋን ረግጠህ፣ በሰውነትህ ክብደት ነው የምትጫነው፣ ስለዚ ትንሽ ወፈር ያለ ቢሆንም ኮርሳ ጎማ ላይ 5 ባር ለመድረስ አያስለቅስም። 5 ባር ደሞ ቤት ያስገባሃል፣ መንገድ ላይ ሙሉውን ካልሞላሁ ብለህ አትድከም፣ ቀሪውን ቤት በትልቁ ፓምፕ ትጨርሰዋለህ። ክብደቱ ከትንንሾቹ ትንሽ ይበልጣል፣ ይብለጥ።

የላስቲክ ቱቦውን ግን አደራ። ይሄን የምልህ ከደረሰብኝ ነው። አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ከጫንጮ ስመለስ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ አለኝ፣ ፓምፕ አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ቀየርኩና መሙላት ጀመርኩ። ፓምፔ ቱቦ የሌለው፣ አፉ ቀጥታ ቫልቩ ላይ የሚሰካ ነበር። በገፋሁ ቁጥር ፓምፑ ሲወዛወዝ ቫልቩም አብሮ ይወዛወዛል፣ እየደከመኝ ሲሄድ ደሞ እጄ ይበልጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መቶ ምናምን ላይ ስደርስ የቫልቩ ጫፍ ላይ ያለችው የስንዴ ፍሬ የምታክል የነሐስ ብረት መጀመሪያ ጎበጠች፣ ከዛ ቀጭ አለችና የሞላሁት አየር በሙሉ ፊቴ ላይ ወጣ። ሌላ የውስጥ ጎማ የለኝም። ከብት የሚጠብቁ ሁለት ልጆች ከጎኔ ቁጭ ብለው ሲቆጥሩልኝ ነበር፣ አንደኛው ብረቷን ከሳሩ ውስጥ ፈልጎ አምጥቶ "ጋሼ ይቺ ናት የወደቀችው" ብሎ ሰጠኝ። በኋላ አንድ የአይሱዙ ሹፌር አዝኖልኝ ከነሳይክሌ ጭኖ ሱሉልታ አደረሰኝ። ከዛን ቀን ወዲህ ቱቦ የሌለው ፓምፕ ለማንም ግዛ ብዬ አላውቅም። ቱቦ ካለው ፓምፑ እንደፈለገ ቢወዛወዝ ቫልቩን አይነካውም።

ቱቦው ቫልቩ ላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ከሆነ ደሞ አንድ ነገር አለ፣ ሲፈታ አንዳንዴ የቫልቩን የውስጥ ክፍል አብሮ ፈትቶ ያወጣዋል፣ የሞላኸው ሁሉ ይባክናል። ቤት እያለህ የቫልቩን የውስጥ ክፍል በትንሽ ፒንሳ ጠበቅ አድርገው፣ ሁለተኛ አያስቸግርህም።

ጎሚስታ የት ሄዶ የምትለኝ ከሆነ፣ እውነት ነው በየከተማው አለ፣ ኮምፕሬሰሩ ግን ለመኪና ቫልቭ ነው የተሰራው፣ ያንተ ፕሬስታ የሚባለው ቀጭን ቫልቭ ላይ አይገጥምም። መፍትሄው በጣም ቀላል ነው፦ የነሐስ አዳፕተር፣ ከጣት ጫፍ የምታንስ፣ ፕሬስታውን ከፍተህ ላዩ ላይ ታጠብቃትና እንደ መኪና ቫልቭ ትሆናለች። እኔ ሁሌ የፊት ቫልቬ ላይ አጥብቄያት ነው የምሄደው እንዳትጠፋብኝ። ጎሚስታው ሲሞላልህ ግን በትንሽ በትንሽ እየነካ እንዲሞላ ንገረው፣ ያንተ ጎማ አንድ ሊትር አየር ብቻ ስለሚይዝ መኪና የለመደ እጅ አንዴ ለቀቅ ካደረገው ሊፈነዳ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ስትሄድ እንዲህ አድርገህ ፈትሽ። አየር የሚወጣበትን አፍ በአውራ ጣትህ ጥብቅ አድርገህ ድፈነው፣ ከዛ እጀታውን ወደ ውስጥ ግፋውና ያዘው፣ ከዛ ልቀቀው። ጥሩ ፓምፕ እንደ ስፕሪንግ መልሶ ይገፋሃል። ገብቶ እዛው ከቀረ የውስጡ ላስቲክ አየር ያሳልፋል ማለት ነው፣ ካርቶኑ ላይ 160 ቢልም 300 ቢልም አትውሰደው። ትንሽ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) የተገጠመለት ካየህ ለሷ ብለህ ተጨማሪ ብር አትክፈል፣ ግምት እንጂ ልክ አትናገርም።

ቻርጅ የሚደረገው ጥሩ ነገር ነው አልዋሽህም፣ በደቂቃ ውስጥ ይሞላልሃል። ግን ትንንሾቹ አንድ ሁለት ጎማ ሞልተው ባትሪያቸው ያልቃል፣ ማታ መብራት ከሌለ ደሞ ጠዋት ባዶውን ይዘህ ትወጣለህ። እንደ ሁለተኛ እንጂ እንደ ብቸኛ አልመክርህም። የእጅ ፓምፕ ጉልበትህን እንጂ መብራት ኃይልን አይጠብቅም።

ከመሙላትህ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዙሪያውን አብሰው፣ በባዶ ጣት አይሆንም። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ይቀራል፣ በእጅህ ስትዳብስ አታገኘውም ጨርቁን ግን ይይዘዋል። ይሄን ሳታደርግ አዲሱን ብትሞላ አንድ ኪሎሜትር ሳትሄድ መልሰህ ትቆማለህ። ፓምፑን ደሞ ፍሬሙ ላይ የምታስረው ከሆነ በፕላስቲክ መያዣዋ ብቻ አትመናት፣ ኮብልስቶን ላይ እየተንቀጠቀጠ ይወድቃል፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቀለበት ቁረጥና ደርበህ እሰረው፣ አፉን ደሞ በፌስታል ጠቅልለው፣ የክረምት ጭቃ ከገባበት ላስቲኩን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው፣ መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ 61። ትምህርት ቤት የምመላለሰው ከ20 ዓመት በላይ በያዝኩት የቻይና ሳይክል ነው። ልጄ ከአዲስ አበባ ትንሽ ፓምፕ ገዝቶ ላከልኝ፣ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ የኔ ቫልቭ ግን ከሁለቱም አይመስልም። ልመልስለት ወይ?

መልስ፦ ጋሼ አይመልሱት። የርስዎ ሳይክል ቫልቭ የድሮው የደንሎፕ ዓይነት ነው የሚመስለኝ፣ ታቹ ወፈር ብሎ ጫፉ የሚቀጥን፣ ከላይ የሚያጠብቀው ክብ ብሎን ያለው። እሱ ከፓምፑ ቀጭን ቀዳዳ ጋር፣ ማለትም ለፕሬስታ ከተሰራው ጋር ይገጥማል። ቀጭኑን ቀዳዳ ይጠቀሙና ጥብቅ አድርገው ይያዙት። ከፕሬስታ የሚለየው ጫፉን መክፈት አያስፈልግም፣ ዝም ብለው ሰክተው ይንፉ።

አሁንም አልሞላ ካለዎት ችግሩ የፓምፑ ላይሆን ይችላል። ክብ ብሎኑን ይፍቱና የውስጡን ዘንግ ያውጡት፣ ላዩ ላይ የተሸፈነች ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለች፣ እሷ ናት አየሩን የምትይዘው። ከዕድሜ ብዛት ከተሰነጠቀች ምንም ቢነፉ ይወጣል። ሳይክል ጠጋኝ ጋ ትገኛለች፣ አዲስ ሲያለብሷት በምራቅ ወይ በውሃ ርጥብ ያድርጓት፣ በደረቁ አትገባም። ሜዳ ላይ ለሚነዱ ለርስዎ ጎማ ደሞ በጣም ማጠንከር አያስፈልግም፣ 3 ባር ገደማ ይበቃል፣ እሱን ደሞ ያ ትንሽ ፓምፕ ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ታናሽ ወንድሜ አዳማ ላይ በሳይክል ልምምድ ይሰራል። ለፋሲካ ስመጣ እነዚህን በጋዝ የሚሞሉትን ትንንሽ ጠርሙሶች ላመጣለት አስቤ ነበር፣ እዚህ ሁሉም ሳይክል ነጂ ይይዛቸዋል። ጥሩ ስጦታ ነው?

መልስ፦ እህቴ ሀሳብሽ ደስ ይላል ግን ይቅርብሽ። መጀመሪያ ነገር የታመቀ ጋዝ ስለሆኑ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ይወሰዱብሻል፣ በእጅም በሻንጣም። ቢደርሱ እንኳን እያንዳንዷ 16 ግራም ጠርሙስ የምታገለግለው አንዴ ነው፣ ከዛ በኋላ አዳማ ላይ ሌላ ከየት ያመጣል? ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደሞ ከተራ አየር ቶሎ በላስቲኩ ስለሚያልፍ ዛሬ የሞላው ጎማ በማግስቱ ለስለስ ብሎ ይጠብቀዋል፣ ያው መልሶ በፓምፕ መሙላት አለበት።

በዛው ብር ጥሩ የአሉሚኒየም ሚኒ ፍሎር ፓምፕ ግዢለት፣ ቱቦና የእግር መርገጫ ያለው። ፓምፑ ራሱ ሻንጣ ውስጥ ምንም ችግር የለውም። ትንሽ ቦታ ከተረፈሽ ሁለት የውስጥ ጎማ ጨምሪለት፣ መጀመሪያ ግን ሳይክሉ ጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ቫልቩን በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልሽ አድርጊ፣ ቸርኬው ከፍ ያለ ከሆነ ቫልቩ 60 ሚሊ ወይ ከዛ የረዘመ ካልሆነ ከቸርኬው ውጪ ስለማይወጣ ፓምፑ የሚይዘው አያገኝም። የፓምፑን የውስጥ ላስቲክ መለወጫ ለብቻው የሚሸጡ ካገኘሽም ያዢለት፣ አንዲት ትንሽ ላስቲክ አጥቶ ደህና ፓምፕ የጣለ ብዙ ልጅ አውቃለሁ።