አዳራሹ ስንት ሰው ይያዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የቤተ ክርስቲያናችን የሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። አዳራሻችን የሚይዘው 300 ሰው ነው፤ አሁን ግን ከ400 በላይ ስለሆንን የተረፈው በመስኮት ነው የሚከታተለው። መሬት አለን። ከኮሚቴው ግማሹ "ከሠራን አይቀር 2000 ሰው የሚይዝ እንሥራ" ይላል። አርክቴክቱ ያመጣው ንድፍ ረጅም አዳራሽ ነው፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ጉልላት አለው፤ ሁሉም ወዶታል። የድምፅ ነገር ሲነሣ ግን "እሱን በኋላ በስፒከር እናስተካክለዋለን" ተባለ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በስፒከር አይስተካከልም! ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ግድግዳ ነክቶ የሚመለሰው ድምፅ በቀጥታ ከሚመጣው 17 ሜትር ያህል ረዘም ያለ መንገድ ከሄደ 50 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ከዚያ በኋላ ቃል በቃል ላይ መደረብ ይጀምራል። ጉልላት ደግሞ ውስጡ ጎድጓዳ ስለሆነ ድምፁን ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ሊጥለው ይችላል። እዚያ የተቀመጠው ስብከቱን ሁለት ጊዜ ይሰማል፣ ትንሽ ራቅ ያለው ግን በደንብ አይሰማውም። ስፒከር ስትጨምሩ ጩኸቱ ነው የሚጨምረው።

ሌላም ጣጣ አለ። ንግግር ጥርት ብሎ እንዲሰማ ድምፁ በ1 ሰከንድ አካባቢ ቢሞት ጥሩ ነው፤ ያለ ማይክ የሚዘምር ኳየር ግን ወደ 2 ሰከንድ ቢቆይለት ይወዳል። ሁለቱን እኩል የሚያስደስት አዳራሽ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ "እኛ በብዛት የምናደርገው ምንድን ነው?" ብላችሁ አሁኑኑ ተነጋገሩ።

የ2000ውም ጉዳይ እዚሁ ላይ ይመጣል። ድምፅን በደንብ ከሚውጡት ነገሮች አንዱ ሰው ነው፣ ከነልብሱ። 2000 ሰው በሚይዝ አዳራሽ 400 ሆናችሁ ስትቀመጡ ባዶው ቦታ ሁሉ ያስተጋባባችኋል። ደግሞስ ማን ነው በየሳምንቱ ባዶ ወንበር እያየ የሚሰብከው?

እኔ ብሆን 600 ሰው የሚይዝ ሠርቼ ሁለት ጊዜ አገልግሎት አደርግ ነበር። ከነመተላለፊያው ለአንድ ሰው 1 ካሬ ሜትር ያህል ብታስቡ፣ መድረኩን ሳይጨምር 600 ካሬ ነው። ለወደፊቱ ደግሞ መሠረቱና ምሰሶዎቹ ባልኮኒ (አዳራሹ ውስጥ ከፍ ብሎ የሚሠራ ተጨማሪ መቀመጫ) እንዲሸከሙ ተደርገው ከአሁኑ ይሰሉ፤ በኋላ ማጠናከር ራስ ምታት ነው። ቅርፁን ከርዝመት ይልቅ ወደ ጎን ሰፋ አድርጉት። የመጨረሻው ረድፍ ከመድረኩ ከ20 እስከ 25 ሜትር ካለፈ የሰባኪው ፊት አይለይም።

ሁለት አገልግሎት ካላችሁ ግን በሩ ላይ የሚወጣውና የሚገባው እንደሚጋጭ አትርሱ። እኔ በነበርኩበት ኮሚቴ ስለ ወንበር ቀለም ስንት ስብሰባ ተቀመጥን፣ ስለ መውጫው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ሕንፃው ሲያልቅ ሕዝቡ አንድ ኮሪደር ላይ ተጨናንቆ ቀረ። ሰው ቆሞ የሚሳሳምበት ሰፊ መግቢያ አስቡ፣ በሮቹም ወደ ውጭ የሚከፈቱና ተራርቀው የተቀመጡ ይሁኑ።

ሙቀቱም ቀላል አይደለም፤ የተቀመጠ ሰው ወደ 100 ዋት ሙቀት ይሰጣል፣ 600 ሰው ማለት 60 ኪሎ ዋት ነው። ከታች አየር የሚያስገባ፣ ከላይ የሞቀውን የሚያስወጣ ክፍተት ይኑረው።

አሁን የአኩስቲክ፣ ማለትም ድምፅ በአዳራሽ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ የሚያጠና ባለሙያ ፈልጋችሁ ንድፉ ሳይጸድቅ ከአርክቴክቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው። ጉልላቱ ካላሳሳችሁ ከንድፉ አውጡት፤ የግድ ካላችሁ ግን ከውጭ ይታይ፣ ከውስጥ በኮርኒስ ዝጉት።