መውለድ አለመቻል ጋብቻ ያፈርሳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከተጋባን 5 ዓመት ሆነን፣ ልጅ የለንም። በቅርቡ ስመረመር በዘር ፈሳሼ ውስጥ ምንም ዘር እንደሌለ ታወቀ። የክሮሞዞም ምርመራው ደግሞ ክላይንፌልተር የሚባል ችግር እንዳለብኝ አሳየ። የባለቤቴ ወንድሞች ይህን ከአንድ የክሊኒክ ሠራተኛ ሰምተዋል። «የዘር በሽታ ደብቆ አገባት። ጋብቻው ይፈርሳል፤ አብረው ከገዙት ቤትም አንዳች አይደርሰውም» እያሉ ነው። ባለቤቴ ዝም ብላለች። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ወንድሞቿ የሚሉት በሕግ አያስኬድም።

ከየት እንዳመጡት ግን ይገባኛል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 13 ስለ መሠረታዊ ስህተት ይናገራል። አንዱ ተጋቢ የማይድን ወይም ለልጅ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ካለበትና ሌላው ይህን ሳያውቅ ካገባ፣ ጋብቻው እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል። ጠያቂዋ ግን ባለቤትዎ ናት እንጂ ወንድሞቿ አይደሉም። የጊዜ ገደብም አለው፦ ስህተቱን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ያም ቢሆን ከጋብቻው 2 ዓመት ሳያልፍ መጠየቅ ነበረባት። እናንተ 5 ዓመት ሆኗችኋል። «የማይድን በሽታ» የሚለው ሊያከራክር ይችል ነበር፤ የእርስዎ ጉዳይ ግን እዚያ ሳይደርስ በጊዜ ገደቡ ይቀራል።

«ደበቀ» መባልዎ በጣም አሳዝኖኛል። ክላይንፌልተር ማለት ወንድ ልጅ ከተለመደው 46 ክሮሞዞም ሌላ አንድ ተጨማሪ ኤክስ ይዞ ሲወለድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ አይወረስም፤ የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር ሲሠራ በአጋጣሚ ይፈጠራል። ብዙዎች ልጅ አጥተው እስኪመረመሩ ድረስ አያውቁትም። ሰው የማያውቀውን እንዴት ይደብቃል? ደግሞ አንዳንዶች ላይ በቀዶ ሕክምና ከዘር ፍሬው ውስጥ ዘር ይገኛል። ስለዚህ ተስፋ ሳይቆርጡ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ባለቤትዎ መለያየት ከፈለገች ፍቺ መጠየቅ መብቷ ነው። የእርስዎን ጥፋት ማስረዳትም አይጠበቅባትም። ንብረቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በትዳር ያፈራችሁት ንብረት የጋራ ነው፤ በፍቺ ጊዜም በመርህ ደረጃ እኩል ይካፈላል። ቤቱ በእሷ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግሏ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ልጅ አለመውለድ ድርሻዎን አይነካም። ከሁሉ በፊት ግን ወንድሞቿ በሌሉበት ሁለታችሁ ተነጋገሩ። ዝም ማለቷ ትዳሩን ጠልታ ላይሆን ይችላል።

አሁን የሚያስቸኩለው የክሊኒኩ ሠራተኛ ጉዳይ ነው። በሥራው ያወቀውን የታካሚ ሚስጥር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል። ክሱ የሚንቀሳቀሰው ተበዳዩ ሲያመለክት ብቻ ነው፤ አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ወሬውን ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደነገረ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይያዙ። የሰሙ ምስክሮችንም ለይተው ወደ ፖሊስ ይሂዱ።