መልስ፦ ብር ብቻ አይደለም
ወንድሜ፣ የአሜሪካ አየር ሃይል ፓይለቶች ለምን ለቀው አየር መንገድ ይገባሉ፣ ለብር ነው ወይ ላልከው፣ ብሩም አለበት ግን ዋናው ሲኒየሪቲ የሚሉት ነገር ነው፣ ቀድሞ የገባ ነው በረራም እረፍትም ቀድሞ የሚመርጠው፣ ካፒቴን መሆንም በተራ ነው፣ በ65 አመት ደሞ ግዴታ ስለሚያቆሙ የዘገዩባት እያንዳንዷ አመት ታስቆጫለች። አየር መንገድ ለመግባት ለሌላው በአብዛኛው 1500 የበረራ ሰአት ሲጠየቅ ለወታደር ፓይለት 750 ይበቃዋል። በሞቴ ከሃዲ እንዳትላቸው፣ ከስልጠና በኋላ የ10 አመት ግዴታቸውን ጨርሰው ነው የሚወጡት። የአክስቴ ልጅ እዛ የጭነት አውሮፕላን ያበር ነበር፣ ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ መጥቶ ቡና እየጠጣን "ከቦታ ቦታ ስለሚያዘዋውሩን ትልቋ ልጄ አራት ትምህርት ቤት ቀያየረች" ሲለኝ ስኒውን ይዞ እንባው ቅርር አለ፣ ማዕረጉ ሲጨምር ደሞ ከመብረር ይልቅ ቢሮ ቁጭ ብሎ ወረቀት መፈረም ሆነበት።