ከኢኮኖሚክስ ወደ ማርኬቲንግ መምህርነት

«ሁለቱም ዲግሪዬ ኢኮኖሚክስ ነው፤ የማርኬቲንግ ፕሮፌሰር ለመሆን ከመጀመሪያ ዲግሪ እንደገና ልነሳ?» ላልከው፦ አትነሳ። ወሳኙ ዶክትሬትህና የምትሠራው ጥናት ነው።

አሜሪካዊውን የማርኬቲንግ ምሁር ፊሊፕ ኮትለርን እይ። ማስተርሱን በ1953 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክትሬቱን በ1956 ከኤምአይቲ ያገኘው በኢኮኖሚክስ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ያስተማሩት እነ ሚልተን ፍሪድማንና ፖል ሳሙኤልሰን፣ ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች ናቸው። ቀጥሎ ሃርቫርድ ገብቶ ሒሳቡን አጠናከረ። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ማርኬቲንግ ማስተማር የጀመረው በ1962 ነው። በ1967 ያወጣውን «ማርኬቲንግ ማኔጅመንት» የሚባል መማሪያ መጽሐፍማ እኛም አገር ቢዝነስ የተማረ ሰው ቢያንስ ፎቶ ኮፒውን ያውቀዋል።

ኢኮኖሚክሱን አልጣለውም። ፍላጎትን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያ፣ ሻጭና ማከፋፈያም ይወስኑታል ብሎ አሰፋው እንጂ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ መጀመሪያ ለዶክትሬት ሳመለክት የማመልከቻ ወረቀቱን በሽያጭ ልምዴ ሞላሁት፤ ስድስት ዓመት ሳሙና ማከፋፈል! የጥናት ጥያቄ የሚባል ነገር አልነበረውም። ባለ ሁለት መስመር ኢሜይል መጣልኝ፤ አልተቀበሉኝም። በሚቀጥለው ዙር፣ ባለሱቆች ትንሿን ሳሙና ለምን ከፊት እንደሚደረድሩ ጥያቄ አድርጌ ጻፍኩ። ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት ያኔ ነው።