የድሮውን የድምፅ መስመር ሳይነቅሉ ከስልክና ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከአባትዎ የተረከቡት የኮምቦልቻው እንግዳ ማረፊያ በመመገቢያ አዳራሹ፣ በኮሪደሩና በመኝታ ክፍሎቹ ኮርኒስ ላይ የድሮ ስፒከሮች እንዳሉት፣ ገመዶቻቸውም በግድግዳ ውስጥ አልፈው ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለ የብረት ሣጥን ውስጥ እንደሚሰባሰቡ፣ እዚያም ባለ አምስት ቀዳዳ ክብ ሶኬት ያለው አምፕሊፋየር እንደተቀመጠ ጽፈዋል። ስልክና ቴሌቪዥን ከዚህ ጋር ይገናኙ እንደሆነ፣ ወይስ እንደተመከሩት ሁሉም ተነቅሎ ለየክፍሉ የብሉቱዝ ስፒከር ቢገዛ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። አብሽሩ፣ ይገናኛል። በደሴና በኮምቦልቻ እንዲህ ያሉ መስመሮችን ስጠግን የኖርኩ እንደመሆኔ መነቀሉን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በግድግዳ ውስጥ ያለፈን ጤነኛ ገመድ ዛሬ እንደ አዲስ ልዘርጋ ቢሉ ልስን ማፍረስና እንደገና መለሰን የግድ ነው።

ይሁን እንጂ አንድም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የመስመሩን ዓይነት ይወቁ። አንደኛው ዓይነት እንደ ቤት ቴፕ ስፒከሩ በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚገናኝበት የ4 ወይም የ8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) መስመር ነው። ሁለተኛው ለሆቴልና ለትምህርት ቤት የሚዘረጋው የ100 ቮልት መስመር ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ስፒከር ጀርባ ትራንስፎርመር አለው። ለመለየት ኃይሉን ያጥፉ፣ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ይፍቱ፣ በግድግዳው ላይ ያሉትን የድምፅ መቆጣጠሪያዎች እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉና እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ኦም በሚለካ ቴስተር ይለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ብቻውን ሲለካ ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 7 ኦም ያሳያል፤ በትራንስፎርመር የሚያልፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ዜሮ ካነበበ ሁለቱ ሽቦዎች አንድ ቦታ ተነካክተዋል፤ ምንም ካላነበበ ተቆርጧል ወይም መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል። ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን አንዱን ስፒከር ከኮርኒሱ አውርዶ ማየት ነው፤ ከክብሪት ቀፎ ከፍ የምትል ትራንስፎርመርና 1.5፣ 3፣ 6 ዋት የሚሉ ጽሑፎች ካዩ ጥርጥር የለውም፣ የ100 ቮልት መስመር ነው።

አምፕሊፋየሩ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ከቆየ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰኩት። ኃይል በሚያመጣለት የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገብተው ያብሩት፤ አምፖሉ ለቅጽበት በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ በሙሉ ብርሃን ከቀጠለ ግን ውስጡ ሾርት ስላለ ወዲያው ያጥፉትና ለጥገና ይስጡት። ስልኩን ለማገናኘት የሚያስፈልገው ክቡን ሶኬት የሚገጥም ገመድ ብቻ ነው። የቀዳዳዎቹ ቁጥሮች በቅደም ተከተል አይደሉም፤ ከዳር እስከ ዳር ሲታዩ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3 ናቸው። መካከለኛው 2 ግራውንድ ነው፣ የግራው ድምፅ በ3 የቀኙ በ5 ይገባል፤ 1 እና 4 ወደ ቴፕ ለመቅዳት የሚወጣባቸው ስለሆኑ እነሱ ላይ የተበየደ ስልክ አይሰማም። ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራውን ሶኬት ግን አይጠቀሙ፤ እሱ የሚጠብቀው ጥቂት ሚሊቮልት ስለሆነ የስልክ ድምፅ ተዛብቶና ተንጫጭቶ ይወጣል። አምፕሊፋየሩ ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ሳይለይ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ የግራና የቀኙን ሽቦ በቀጥታ አያጣምሩ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገብተው ከዚያ ወዲያ ያገናኙ። ቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን የሚልክ) መውጫ ብቻ ካለው ወደ ተራ ድምፅ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ይገዛሉ፣ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያም ፒሲኤም የሚለውን ይመርጣሉ።

ዕቃ የሚቃጠለው በዚህ በድምፅ መግቢያው በኩል ሳይሆን አምፕሊፋየሩ በአዲስ በሚተካበት ጊዜ በስፒከሮቹ በኩል ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ማረፊያ ቤት ያየሁት ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። የድሮው ሠራተኛ ሽቦ ለመቆጠብ የሁሉንም ክፍሎች ጥቁር ሽቦ በአንድ ብሎን ላይ አስሮታል፤ ለድሮው አምፕሊፋየር ይህ ችግር አልነበረውም። አዲስ የተገጠመችው ባለ ብሉቱዝ ትንሽ አምፕሊፋየር ግን፣ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ አምፕሊፋየሮች፣ በሁለቱም የስፒከር ጫፎች ኃይል የምታወጣ ስለሆነች፣ የግራና የቀኙ ጥቁር ሽቦ ሲገናኝ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ወዲያው ተቃጥላለች። ስለዚህ በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ጥቁር ሽቦዎች ተጣምረው እንደሆነ በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ከተጣመሩ ወይ ይለያዩዋቸው፣ ወይ ሞኖ አምፕሊፋየር ይጠቀሙ። ስሌቱም መዘንጋት የለበትም፦ አራት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፣ ይህንን ደግሞ አብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች አይችሉትም፤ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አድርገው ጥንዶቹን ጎን ለጎን ካሰሩ ግን ተመልሶ 8 ኦም ይሆናል።

መስመሩ የ100 ቮልት ከሆነ ደግሞ ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን ከሚሸጡት አምፕሊፋየሮች 100 ቮልት የሚል መውጫ ያለውን ይግዙ። የስፒከሮቹን ዋት ይደምሩ፣ ጥቂት ትርፍ ይጨምሩ፤ ለምሳሌ 12 ስፒከሮች በ6 ዋት 72 ዋት ስለሚሆኑ ባለ 100 ዋት ይበቃል። በ100 ቮልት መውጫው ሲጠቀሙ የ8 ኦም መውጫው ባዶ ይሁን። አምፕሊፋየሩ እየሠራ ሽቦውን በእጅ መንካትም አደገኛ ነው።

ቴሌቪዥኑን ሲያገናኙ የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ ከተሰማ በድምፅ ገመዱ መካከል የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ይበቃል፤ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት የሶኬቱን የመሬት ሽቦ መቁረጥ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ስለሆነ በፍጹም አይሞክሩት። ስልኩን በገመድ ፋንታ በብሉቱዝ መቀበያ ካገናኙ መቀበያውን ከብረት ሣጥኑ ውጭ ያስቀምጡ፤ ለሙዚቃውም የተለየ ስልክ ይመድቡ፣ አለዚያ የእርስዎ መልእክት በገባ ቁጥር ጩኸቱ በየክፍሉ ይሰማል። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ ብርዳማ ስላልሆነች ለሣጥኑም ከላይና ከታች የአየር መግቢያ ያብጁለት። በቴስተር የለኩትን ቁጥርና የሣጥኑን ውስጥ ፎቶ እዚህ ቢለጥፉ፣ ከአምፕሊፋየሮቹ የትኛው እንደሚስማማዎት ለይቼ እነግርዎታለሁ።